በማን ቤት ተሞከረ?

ማህበራችን ያዘጋጀው የሕፃናት ምጥን ዱቄት ለገበያ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ጉዳይ ከተነሣ ወዲህ በአባላት መካከል ክርክሩ ጦፏል። አንዱ ወገን "ልጆቻችን ስንት ወር በሉት፣ ፋፉበት፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?" ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ "የራስን ልጅ መመገብና ለሰው ልጅ መሸጥ አንድ አይደለም" ይላል። እኛ የማህበሩን ሒሳብ የምንይዘው የተጠየቅነው የአንድ ኪሎውን ዋጋ እንድንተምን ብቻ ነበር። ዋጋ ለመተመን ግን ወጪው መታወቅ አለበት፤ ወጪውን ለማወቅ ደግሞ ሥራው የት ላይ እንደሚያልቅ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ከእኛ በፊት የሕፃን ምግብና ዕቃ በየቤታቸው ሞክረው ለገበያ ያበቁ ወላጆች ምን እንዳጋጠማቸው አገላብጠን አየን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኛ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው የዶሮቲ ገርበር ታሪክ ነው። በ1927 ዶሮቲ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ፍሪሞንት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ለሰባት ወር ልጇ ለሳሊ አትክልት እየቀቀለች በወንፊት ታሳልፍ ነበር። ሥራው ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ካሮት በወንፊት ያሳለፈች ታውቀዋለች። እጅ ይዝላል፣ ግማሹ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ ልጁ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ሦስተኛውን ይተፋዋል። የባሏ ቤተሰብ የታሸጉ ምግቦች ፋብሪካ ነበረው። ይህን ሥራ ፋብሪካው ውስጥ መሥራት አይቻልም ወይ ብላ ባሏን ዳንኤልን ጠየቀችው። ሳሊ የመጀመሪያዋ ቀማሽ ሆነች፤ ከእርሷ ቀጥሎ የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ቀመሱ። በ1928 መጨረሻ ላይ አተር፣ ካሮት፣ ስፒናች፣ ፕሪምና የሥጋና የአትክልት ሾርባ በቆርቆሮ ታሽገው ገበያ ላይ ዋሉ። በ1941 የፋብሪካው ስም ራሱ ተለውጦ ገርበር ተባለ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ወንፊቱና ልጅቷ ብቻ ይወሳሉ። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን። ዶሮቲ ለልጇ የሚጣፍጠውን፣ ለጉሮሮዋ የሚላላውን በወጥ ቤቷ አውቃለች። ቆርቆሮው ውስጥ ገብቶ ወራት ሲቀመጥ እንዳይበላሽ ያደረገው ግን ምግብ ማሸግ ሙያው የሆነ ፋብሪካ ነው። ወጥ ቤቱ ለብቻው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ፋብሪካውም ያለ ወጥ ቤቱ ነገሩን አያስበውም ነበር።

ፋብሪካ ያለው ባል የሌላትስ? ማሪዮን ዶኖቫን በ1946 በኮኔቲከት ግዛት ሁለተኛ ልጇን የምታሳድግ እናት ነበረች። የሽንት ጨርቅ ይረጥባል፣ ከጨርቁ አልፎ አንሶላውን፣ ከአንሶላው አልፎ ፍራሹን ያበሰብሳል። በላዩ የሚደረገው የላስቲክ ሱሪ ደግሞ የልጁን ቆዳ ያቆስላል። ዶኖቫን የሻወር መጋረጃዋን አውርዳ ቀደደችና በስፌት መኪናዋ የሽንት ጨርቅ መሸፈኛ ሰፋች። ከብዙ ሙከራ በኋላ መጋረጃውን ትታ ለፓራሹት በሚሠራው ናይለን ተካችው፤ በመርፌ ቁልፍ ፈንታም ተጭነው የሚገጥሙት ቁልፍ አደረገችበት፣ ልጅ የሚወጋ ነገር እንዳይኖረው። ወደ አምራቾች ይዛው ስትሄድ ማንም አልተቀበላትም። ራሷ አሠርታ በ1949 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሳክስ መደብር መሸጥ ጀመረች። በ1951 ፓተንቱን አገኘች፤ በዚያው ዓመትም መብቱን ለአንድ ኩባንያ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። ቀጥላ ተጠቅመው የሚጥሉት የወረቀት ዳይፐር ስታስብ እንደገና በሩ ተዘጋባት። በ1961 ፓምፐርስ ሲወጣ ያወጣው ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ሥራውን የመራው ኢንጂነር ቪክቶር ሚልስም ከሙከራው ከፊሉን ያደረገው በራሱ የልጅ ልጆች ላይ ነበር። ዛሬ በእኛ ሰፈር ማንኛውም ዳይፐር "ፓምፐርስ" ነው የሚባለው፣ የዶኖቫንን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ ይላል፤ ክርክሩን ልጆቻችን በልተውታል ለሚሉት የሚያስረክብ ይመስላል። ወደ ኋላ ስንሄድ ግን ሌላ ታሪክ አለ።

ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በዘመኑ ከነበሩ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ስሙ የገነነ ጀርመናዊ ነበር። በ1865 ከስንዴ ዱቄት፣ ከብቅል ዱቄት፣ ከላም ወተትና ከጥቂት ፖታሲየም ባይካርቦኔት የእናት ጡት ይተካል ያለውን ምግብ አወጣ። ምግቡን ያዘጋጀው ለራሱ የልጅ ልጆች ነበር፤ እነርሱም በሉት፣ አደጉበት። በ1867 ዴፖል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ያንኑ ምግብ ፓሪስ ውስጥ ለአራት አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ሰጠ። አራቱም በቀናት ውስጥ ሞቱ። በፈረንሳይ የሕክምና አካዳሚ ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ አንዱ አሠራሩን፣ ሌላው ምግቡን ወቀሰ። የሊቢግ ልጆች ጤነኞች መሆናቸው ውሸት አልነበረም። ያ ምግብ የተሞከረው ግን በአንድ ሊቅ ቤት፣ በሊቁ ዓይን ሥር፣ ጠንካራ በሆኑ ልጆች ላይ ነው። ከዚያ ቤት ወጥቶ ገና የተወለደ፣ አቅም የሌለው ሕፃን አፍ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ።

የጡጦም ታሪክ ይኸው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝና በአካባቢው ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው የመስታወት ጡጦ እጅግ ተወዶ ነበር። ሕፃኑ ተኝቶ፣ ጡጦው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ያለ ማንም እርዳታ ይጠባል። ሥራ ለበዛባት እናት ከዚህ የበለጠ ምን አለ? የሞከረችው ሁሉ ለጎረቤቷ አወደሰችው። ቱቦው ውስጡ የማይታጠብ በመሆኑ ግን ያደረው ወተት እዚያው እየኮመጠጠ፣ ተቅማጥ እያመጣ ስንቱን ልጅ ጨረሰ። በኋላ "ገዳይ ጡጦ" የሚል ስም ወጣለት፤ ፈረንሳይም በ1910 በሕግ ከለከለችው። እናቶቹ ዓይናቸው እያየ ነበር ያደነቁት፤ የሚገድለው ነገር በዓይን የሚታይ አልነበረም።

የዱቄት ወተትም እንዲሁ። ሄንሪ ኔስሌ በ1867 በስዊዘርላንድ ቬቬ ከተማ ከወተት፣ ከስንዴና ከስኳር የሠራው የሕፃን ዱቄት እናቱ ማጥባት ያልቻለችውን ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አተረፈ ተብሎ ዝናው ተነዛ። ከመቶ ዓመት በኋላ የዱቄት ወተት በማስታወቂያና በነፃ ናሙና ወደ ድሃ አገሮች ሲገባ በብዙ ቤት ንጹሕ ውሃ አልነበረም። ማገዶው ጡጦ በየጊዜው ለመቀቀል አይበቃም፤ ቆርቆሮውም ውድ ስለሆነ እናት ለአንድ ሳምንት የተባለውን ለሦስት ሳምንት እንዲደርስላት አቅጥና ትበጠብጠዋለች። ስስትና አለማወቅ አይደለም፤ የወር አስቤዛ የምታብቃቃ ሴት ሁሉ የምታደርገው ነው። በ1977 በአሜሪካ በኔስሌ ምርቶች ላይ ያለመግዛት አድማ ተነሣ፤ በ1981 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮች እንዴት እንደሚሸጡ የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች።

ከእኛ ቤት ወደ ሌላው ቤት የሄደም አለ። በ1960ዎቹ አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ቶጎ ውስጥ ስታገለግል እናቶች ልጃቸውን በጨርቅ ጀርባቸው ላይ አዝለው ሲሠሩ፣ ልጆቹም ሳያለቅሱ ሲውሉ ታያለች። አገሯ ተመልሳ ልጅ ስትወልድ እንደ እነርሱ ልታዝል ብትሞክር ጨርቁ እየተንሸራተተ አላስተማምን አላት። እናቷ ማሰሪያ ያለው ማዘያ ሰፋችላት፣ እያስተካከሉ ቆዩና በ1969 ፓተንት ወጣበት፤ ስናግሊ ተብሎም በሰፊው ተሸጠ። የቶጎ እናቶች በፓተንቱ ላይ የሉበትም። የእኛ አንቀልባ፣ ከለፋ ቆዳ የሚሠራው፣ በዛጎልና በጨሌ የሚያጌጠው፣ ስንት ትውልድ ተሸክሞ የፈልሳፊ ስም የለውም። በሒሳብ ሥራ ስንት ዓመት ብንቆይም ያልተከፈለበትን የእናት ሙከራ የሚያስገባ መዝገብ እስካሁን አላየንም። አንቀልባው ግን ከቱቦው ጡጦ የሚለይበት ነገር አለ። የተሞከረው በአንድ ቤት አይደለም፤ በደጋውም በቆላውም፣ ውሃ ቀጂዋም እንጨት ለቃሚዋም ሞክራዋለች፣ የማይመቸው ቦታ እየታየ ተስተካክሏል።

አገራችንም የሕፃን ምግብ በሥርዓት ተሞክሮ የተዘጋጀበት ታሪክ አላት። በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ላይ የሕፃናትን አመጋገብ የሚያጠና ክፍል ተቋቋመ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ሁላችን የምናውቀው ፋፋ ከዚያ ነው የወጣው። ስሙ የልጅ መፋፋት ነው፤ የውጭ ቃል የሚመስላቸው ወጣት እናቶች ስላሉ ነው የምንጠቅሰው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ገብቶበታል። ስንዴውና ሽምብራው በማንኛችንም ጓዳ አለ። ቫይታሚኑና ማዕድኑ ተለክቶ የሚጨመር ነው፤ በምላስ አይለይም፣ ልጁም ሲበላው አለ ወይም ጎድሏል አይልም።

ወደ ዱቄታችን እንመለስ። እስካሁን የተሞከረው በአባላት ቤት ነው፤ የቧንቧ ውሃ ባለበት፣ ዱቄቱ ተፈጭቶ በሁለትና በሦስት ሳምንት በሚያልቅበት። ከእነዚህ ቤቶች የተገኘው እውቀት ከንቱ አይደለም። ገንፎው እንዳይጓጉል ስንት ውሃ እንደሚፈልግ፣ አኩሪ አተሩ በደንብ ካልተቆላ ሆድ እንደሚነፋ፣ ልጆቹ የቱን ምጥን ወድደው የቱን እንደሚተፉ የነገሩን እነርሱ ናቸው። ይህን ማንም ላቦራቶሪ አይነግረንም። ዱቄቱ ሲሸጥ ግን የሚገባበትን ቤት አናውቀውም። በፌስታል ታስሮ እርጥበት ባለበት ጓዳ ሦስት ወር ሊቀመጥ ይችላል፤ ከበቆሎና ከለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ መርዝ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። የአራት ወር ልጅም ሊበላው ይችላል፤ ሐኪሞች ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የሚሉት።

ከሁሉ ያሳሰበን የሽምብራው ነገር ነው። ይህን የምንለው ራሳችን ዋጋ ስናወዳድር ስላየነው ነው። የተፈጨ ሽምብራ በርካሽ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አሉ፤ ጓያ ከተፈጨ በኋላ ከሽምብራ ጋር ቢደባለቅ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ጓያን አዘውትሮ መብላት እግር እንደሚያሽመደምድ በጎጃምም በጎንደርም ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። በወረቀት ላይ ርካሹ ዱቄት የኪሎውን ዋጋ ዝቅ ያደርግልናል። እኛ ግን በእህሉ ገዝተን፣ ለቅመን፣ ራሳችን የምናስፈጨውን ይዘን ነው የተመንነው፤ ለዚህም ነው ዋጋው አንዳንድ አባላት ከጠበቁት በላይ የሆነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረብነው ሐሳብ ዱቄቱ አሁን እንዳይሸጥ ነው። ከሦስት የተለያዩ የፈጭ ቀኖች ናሙና ተወስዶ ለሻጋታ መርዝና ለምግብ ይዘት በላቦራቶሪ ይመርመር። አንድ ናሙና ደግሞ ሦስት ወር በፌስታል ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ይመርመር፤ የሚገዛን ሰው የሚያስቀምጠው እንደዚያ ነውና። ሙከራውም ከአባላት ቤት ወጥቶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትመርጣቸውና በምትከታተላቸው፣ ውሃ ከቦኖ በሚቀዱ ቤቶች ይቀጥል፤ ፈቃደኛ በሆኑት ብቻ። የልጅ ክብደት የሚመዘገበውም በጤና ጣቢያው ሚዛን ይሁን።

ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ በዘንድሮው በጀት መደብ የለውም። ለጋሾቻችን የሰጡት ለወፍጮና ለማሸጊያ ተብሎ ስለሆነ ያለ ፈቃዳቸው ማዛወር አንችልም፤ የማሸጊያው ግማሽ ወደ ምርመራ እንዲዛወር የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅተናል፣ ጉባኤው ከተስማማ ይላካል። እስከዚያው የሙከራው ደብተር ጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አለ። ቀኑ፣ የልጁ ዕድሜ በወር፣ ስንት ማንኪያ እንደበላ፣ ውሃው ከየት እንደተቀዳ፣ ካስቀመጠው ወይም ካስመለሰው ይጻፋል። "ምንም አልሆነም" የሚለውም ይጻፍ። መጻፍ የሚያስቸግራት እናት ብትነግረን እኛ እንጽፍላታለን።