«መቼ» የሚለው ጥያቄ፤ የኮልባክ ስሕተት አራረም ታሪክ

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ሰው አንድ ጽኑ እምነት ይዞ ይነሣል፤ ይኸውም የላይኛው መስመር ሳይፈጸም የታችኛው አይፈጸምም የሚል ነው። ከሩቅ ሰርቨር መረጃ በሚጠይቅ ፕሮግራም ዘንድ ግን ይህ እምነት ይፈርሳል።

ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጽ በ10 ቀን አዘጋጀ። ቋንቋው በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ስለሚፈጽም፣ መልስ እስኪመጣ ቆሞ ቢጠብቅ ገጹ በሙሉ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር የወጣው የጥያቄ መላኪያ መሣሪያ መውጫ አበጀለት፤ ጥያቄው ከተላከ በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል፣ መልሱ ሲደርስም ኮልባክ የተባለው ፋንክሽን ይጠራል። ጄሲ ጄምስ ጋሬት እ.ኤ.አ. በ2005 ስልቱን ኤጃክስ ብሎ ከሰየመው ወዲህ ዝናው ናኘ።

ስሕተቱም አብሮ ናኘ። ጀማሪው ጥያቄውን ልኮ በሚቀጥለው መስመር ውጤቱን ይፈልጋል፤ ባዶም ያገኛል። ልጅን ስኳር እንዲገዛ ልኮ፣ ልጁ ከደጅ ሳይወጣ ጣሳውን ከፍቶ እንደ ማየት ነው። ሌላው የፋንክሽኑን ስም ብቻ መስጠት ሲገባው ቅንፍ ጨምሮ ወዲያው ያስፈጽመዋል። ሌላውም የጥያቄው ደረጃ 4፣ የሰርቨሩም ምላሽ 200 መሆኑን ሳያረጋግጥ ይቸኩላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ ላኪው ክፍል ሥራውን ፈጽሞ ከሄደ በኋላ ኮልባኩ ስለሚነሣ፣ በላኪው ዙሪያ የተዘጋጀው የስሕተት መያዣ የማይደርስበት መሆኑ ነው። የጥሪው ፈለግም ተቋርጦ ይገኛል።

በቀድሞው ጊዜ ሠራተኛው በየመስመሩ መካከል የማስጠንቀቂያ መስኮት ያስገባ ነበር። በአንዳንድ አሮጌ ብራውዘሮች መስኮቱ እስኪዘጋ መልሱ ስለሚደርስ፣ ስሕተቱ ሲፈልጉት ይሰወራል፣ ሲተዉት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጆ ሂዊት ፋየርበግ የተላከውንና የተመለሰውን ሁሉ ከነቆይታው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የክሮም መመርመሪያ የተቋረጠውን የጥሪ ፈለግ ቀጠለው።

ቋንቋውም ተሻሻለ። ባርባራ ሊስኮቭና ሊዩባ ሽሪራ እ.ኤ.አ. በ1988 ያብራሩት «ፕሮሚስ» የተባለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2015 የጃቫስክሪፕት ደንብ አካል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አሲንክ እና አዌይት ተጨመሩበት።

ሆኖም አዌይትን የዘነጋ ጀማሪ ዛሬም ውጤቱን ሳይሆን ገና ያልተፈጸመ ተስፋ ይዞ ይቀራል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ስሕተቱ ያው ነው። ስለዚህ አስተማሪ ለደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ ሊያስለምደው የሚገባው ጥያቄ «ስሕተቱ የት ነው?» የሚለው ሳይሆን «ይህ መስመር የሚፈጸመው መቼ ነው?» የሚለው ነው።