በካርቲየ 7 ቢስ ኤሲ ለመቀየር፦ ከዋጋው በፊት የሚታዩ ነገሮች

የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚያልፍ ኤሲ ቅንጦት አይደለም። ግን የዕቃው ዋጋ አንዴ ነው፤ መብራቱ በየወሩ ነው። መጀመሪያ የአሮጌውን ኤሲ ሰሌዳ እዩ። አር-22 የሚል ከሆነ፣ ይህ ጋዝ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮች ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተቀነሰ ነው፤ በ2030 ከሞላ ጎደል ያበቃል። በዚያው ኤሲ ላይ አር-32 ማስሞላት አይቻልም፤ «እሞላላችኋለሁ» የሚል ካለ እሺ አትበሉ።

ኢንቨርተር ውድ ቢሆንም መብራት ይቆጥባል። ቤቱ ቆርቆሮና ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ግን ኮምፕረሰሩ እረፍት ስለማያገኝ ቁጠባው ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ኮርኒሱን አሠሩ።

ያገለገለ ስትገዙ የውጪውን ክፍል በደንብ እዩት፤ የባሕር ጨው ቶሎ ይበላዋል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ስትለቁ ኤሲው የማን እንደሚሆን ከአከራዩ ጋር ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።