ከወለሉ ሥር

ሂት ትራንስፈር የሚባለውን ኮርስ ያለፍኩት በሲ ነው። አሁን ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም። ከዚያ ኮርስ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፦ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሳለልን የሮማውያን መታጠቢያ ቤት ወለል። ወለሉ መሬት ላይ አልተነጠፈም፤ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚሆኑ የጡብ ዓምዶች ላይ ቆሟል። ከምድጃው የሚወጣው ትኩስ አየር ከሥሩ ይዞርና ግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ የሸክላ ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣል። ወለሉም ግድግዳውም ይሞቃል፣ ጢሱ ግን ክፍሉ ውስጥ አይገባም።

ሰሞኑን ስለዚያ ወለል ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ለሕዝቧ ይህን የሠራች ከተማ፣ የሕዝቡ የራሱ ቤት ምን ይመስል ነበር?

ፊልም ላይ የምናየው መሃሉ ገንዳ ያለው፣ ግድግዳው በሥዕል ያጌጠ ቤት ዶሙስ ይባላል፤ እሱ የሀብታም ነው። ሮም ከተማ ውስጥ አብዛኛው ሰው ኢንሱላ በሚባል ፎቅ ላይ ተከራይ ነበር። ምድሩ ሱቅ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ደህና ገንዘብ ላለው ሰው ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ክፍሉ እየጠበበ ኪራዩም እየቀነሰ ይሄዳል (ሊፍት የለማ!)። ውኃ ላይኛው ፎቅ ድረስ አይወጣም፤ መንገድ ዳር ካለው ቧንቧ ተቀድቶ በደረጃ ይወጣል። ምግብ በከሰል ማንደጃ ይበስላል፣ ማንደጃው ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ፎቆቹ ስለሚደረመሱም አውግስጦስ ቄሣር ቁመታቸው ከ70 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ከ20 ሜትር ብዙም እንዳይበልጥ ደነገገ። በኋላ ትራያን ወደ 60 አወረደው። ሁለቴ መደንገጉ ራሱ አከራዮቹ ምን ያህል ሕግ እንደሚሰሙ ሳይነግረን አይቀርም።

እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ገላ መታጠብ አይታሰብም። ቤቱ የጎደለውን የሞላችው ከተማዋ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ33 አግሪጳ የከተማዋ ሹም ሳለ 170 መታጠቢያ ቤቶችን ለሕዝብ በነፃ ከፈተ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተዘጋጀ የከተማዋ መዝገብ ላይ ትናንሾቹ ብቻ 856 ደርሰዋል። መግቢያው ብዙ ጊዜ ኳድራንስ የምትባል ተራ ሽርፍራፊ ሳንቲም ነበረች።

ሰው ሥራውን ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ዘይት ይቀባል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ላቡን ከነዘይቱ በብረት መፋቂያ ያስለቅቃል፤ ከዚያ ለብ ያለው ክፍል፣ ሙቁ ክፍል፣ ቀዝቃዛው ገንዳ። ወሬውም፣ የእራት ግብዣውም፣ የሥራ ጉዳዩም እዚያው ነው። የተከራዩ ሳሎን እዚያ ነበር ማለት ነው። ፈላስፋው ሴኔካ ከመታጠቢያ ቤት በላይ ያረፈ ጊዜ በጻፈው ደብዳቤ ክብደት የሚያነሱትን ማቃሰት፣ የብብት ፀጉር ነቃዩን ጩኸት፣ የቋሊማ ሻጩን ድምፅ እየዘረዘረ ያማርራል። እኔ ጂም ካለበት ፎቅ ሥር ኮድ ስለምጽፍ በደንብ ይገባኛል።

ብዙ ጽሑፎች የሚወዱት አንድ ሐሳብ አለ፦ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሴናተሩም ጫማ ሰፊውም ራቁቱን ስለሆነ እኩል ነው። እኔም ለጥቂት ቀን አምኜው ነበር። ግን በዛሬዋ ፖርቱጋል፣ ቪፓስካ በተባለ የማዕድን ሰፈር የተገኘው የነሐስ ጽሑፍ ሴቶች ጠዋት፣ ወንዶች ከሰዓት እንደሚገቡ፣ ሴቶቹም እጥፍ እንደሚከፍሉ ይናገራል። ስለ ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ደግሞ የሚነገር ወሬ አለ (የጻፈልን መጽሐፍ በማጋነን የታወቀ ነው)። አንድ የቀድሞ ወታደር ጀርባውን ግድግዳ ላይ ሲያሽ ያየዋል። ለምን ቢለው፣ የሚያሽልኝ ባሪያ የለኝም ይላል። ሃድሪያን ባሪያዎችና ገንዘብ ሰጠው። በሌላ ቀን ሽማግሌዎች ሁሉ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ጀርባቸውን ሲያሹ ቢያገኛቸው፣ እርስ በርሳችሁ ተሻሹ አላቸው። ይህን ሳነብ ሳቅኩ። ቆይቼ ግን ቀልዱ ውስጥ እንደ ዕቃ ለስጦታ የተሰጡት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

እነዚያ ቢያንስ ላይ፣ ሰው በሚያያቸው ቦታ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ216 የተመረቀው የካራካላ መታጠቢያ በአንድ ጊዜ 1,600 ሰው ያስተናግድ እንደነበር ይነገራል። ከሥሩ ጋሪ የሚያሳልፉ ዋሻዎች አሉት። እንጨቱ በዚያ ይገባል፣ ምድጃዎቹም የሚነዱት ከዚያ ነው። በዚህ ሙቀትና ጢስ ውስጥ የሚሠሩት በአብዛኛው ባሪያዎች ነበሩ። ቦታው የተነደፈው ላይ ያለው ሰው እንዳያያቸው ሆኖ ነው። እንደ መሐንዲስ ንድፉን አደንቃለሁ፤ ልክ እንደ ጥሩ ሶፍትዌር፣ ተጠቃሚው ከኋላ ያለውን አያይም። እዚያ ከኋላ የነበረው ግን ሰው ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የትኩስ አየሩን ቀስቶች ሁሉ ስሎ ነበር፤ እንጨት የሚጨምረውን ሰው ግን አልሳለም። እኔም እጄን አውጥቼ አልጠየቅኩም።

እ.ኤ.አ. በ537 ጎቶች ሮምን ሲከቡ ወደ ከተማዋ የሚገቡትን የውኃ መስመሮች ቆረጡ። የካራካላ ገንዳዎች ደረቁ፤ ከወለሉ ሥርም የሚነድ እሳት አልቀረም።