ጸደይ በአረቫ በረሃ፦ የወፍ ቆጠራ፣ የማኅበረሰብ ጥበቃና የሳሳው ገጽ

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ጸደይ ማለት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ «ጸደይ ገባ» የምንለው በልማድ ነው እንጂ የዚያ ወቅት ስሙ መጸው ነው። ልዩነቱ ለዚህ መጣጥፍ ዋጋ አለው። በጋውን በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ያሳለፉት ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ሽመላዎች ወደ ሰሜን የሚመለሱት በጋው ተጠናቆ ጸደይ ሊገባ ሲል፣ በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው። በእነዚያ ሳምንታት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከእስራኤል የኤይላት ከተማ በላይ ባሉት ራቁት ተራሮች ላይ፣ አቅራቢ መነጽር ባንገታቸው ያንጠለጠሉ ሰዎች ከማለዳ እስከ ማታ ቆመው ሰማይ ሲቆጥሩ ይውላሉ።

ኤይላት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። የሰሎሞን መርከቦች የተሠሩባት ዔጽዮንጋብር በኤላት አጠገብ እንደነበረች መጽሐፈ ነገሥት ይነግረናል። ከከተማይቱ ወደ ሰሜን እስከ ሙት ባሕር የሚዘልቀው የአረቫ ሸለቆ ዝናብ የሚያየው አልፎ አልፎ ብቻ የሆነ ደረቅ በረሃ ነው። እዚህ ላይ የማቀርበው ክርክር አጭር ነው። በአረቫ የታየው የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ መነሻው የተራ ሰዎች ቆጠራ ነው፤ ቆጠራው ግን የሒሳቡ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሌላው ገጽ የሚገኘው በእኛ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ባዶ ነው ባይባልም ሳስቷል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወፎቹ ለምን በአንድ ጠባብ በር እንደሚጎርፉ መረዳት ይገባል። ንስርና ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳና ሽመላ ሰፊ ክንፍ ያላቸው ከባድ ወፎች ናቸው። ክንፋቸውን እያርገበገቡ ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ሩሲያና ካዛክስታን ለመብረር ጉልበት አይበቃቸውም። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ወደ ላይ በሚነሣው ሞቃት አየር ላይ ይሳፈራሉ፤ እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ዝቅ እያሉ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያ ሌላ የሞቀ አየር ይፈልጋሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይገኝ ቀይ ባሕርን በሰፊው ጎኑ አይሻገሩትም። ወይ በደቡብ በባብ ኤል መንደብ፣ ወይ በሰሜን በስዊዝና በሲና በኩል ማለፍ ግድ ይላቸዋል።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። የእስቴፕ ንስር (ስሙን እንዲህ የጻፍኩት ሌላ አጥቼ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ) በመጣበት መንገድ አይመለስም። አመጣጡ ብዙውን ጊዜ በዓረብ ልሳነ ምድር ወርዶ ከየመን ወደ ጂቡቲ በመሻገር ነው። በ1987 መከር በጂቡቲ በኩል የተደረገ ቆጠራ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎችን መዝግቧል። በጸደይ ግን በሱዳንና በግብጽ ሽቅብ ወጥቶ፣ ስዊዝን ዞሮ፣ በኤይላት ላይ ያልፋል። ኤይላት በጸደይ የምታየውን ያህል ንስር በመከር የማታየው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ አነጋገር የኤይላት የጸደይ መዝገብ በአብዛኛው የሚነግረን በእኛ ሀገርና ከእኛ በስተደቡብ ከርመው በሕይወት የተረፉትን ቁጥር ነው።

በኤይላት ሥርዓት ያለው የጸደይ ቆጠራ የተጀመረው በ1977 ከአውሮፓ በመጡ ወፍ ወዳዶች ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወፍ ተመራማሪው ሐዶራም ሺሪሃይና ባልደረቦቹ ሥራውን አስፋፍተው በተራሮቹ ላይ በመስመር የተደረደሩ የቆጠራ ጣቢያዎች አቆሙ። ነፋሱ ሲዞር የወፉ ጎርፍ በብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ስለሚገፋ፣ አንድ ቦታ የቆመ ቆጣሪ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሰማይ ሊያይ ይችላል። በ1985 ጸደይ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፎች ተቆጠሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከ800,000 በላይ የሚሆኑት የተርብ እጭ እየቆፈረ የሚበላው ጭልፊት ዘር ነበሩ፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በግንቦት መጀመሪያ አካባቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። የእስቴፕ ንስር ደግሞ ወደ 75,000 ተመዘገበ።

እነዚህ ቁጥሮች ሲጠቀሱ አብሮ መጠቀስ ያለበት ጥርጣሬ አለ። ቆጣሪ በበዛበት ዓመት ወፍ ይበዛል። ጣቢያው ሲቀንስ፣ ወቅቱ ሲያጥር፣ ቆጣሪው ልምድ ሲያንሰው ወፉም የቀነሰ ይመስላል። በፈቃደኞች የሚሰበሰብ መረጃ ሁሉ ይህ ድካም አለበት፤ ሰው የሚሄደው ወፍ ወዳለበት፣ እረፍት ባገኘበት ቀን ነው። እኔ ግን ይህን ምክንያት አድርገው የበጎ ፈቃድ ቆጠራን በጥቅሉ ከሚንቁት ምሁራን ጋር አልስማማም። ቆጣሪው ስንት ሰዓት፣ የትና ከስንት ሰው ጋር እንደቆመ ከጻፈ ስሕተቱን መለካት ይቻላል። የእስቴፕ ንስር በ2015 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ሲገባ፣ ማሽቆልቆሉን ለመመዘን የድሮ መነሻ ቁጥር ያስፈልግ ነበር። ተራራ ላይ ቆመው ፀሐይ የጠበሳቸው ሰዎች ባይጽፉት ኖሮ ማን ይጽፈው ነበር?

ቆጠራው ከወፍ ጥበቃ ውጭም አገልግሏል። ወፍ ከጦር አውሮፕላን ጋር እየተጋጨ ሕይወትና ንብረት ባጠፋበት በ1980ዎቹ፣ ተመራማሪው ዮሲ ሌሼም በሞተር ተንሸራታች አውሮፕላን ከመንጋዎቹ ጎን እየበረረ የጉዞ ሰዓታቸውን፣ ከፍታቸውንና መንገዳቸውን በካርታ አሰፈረ። የእስራኤል አየር ኃይልም የበረራ ሥርዓቱን ከዚያ ጋር አስማማ። እንዲህ ዓይነቱ ጥቅም ለጥበቃ ሰዎች ያስገኘው ተሰሚነት ቀላል አይደለም።

ሰማይ ላይ የሚታየው ትርዒት ግን መሬት ላይ ያለውን ያስረሳል። በሌሊት የሚበሩት ትናንሽ ወፎች ሰሃራንና ሲናን አቋርጠው ኤይላት ሲደርሱ የቋጠሩት ስብ ያልቅና ደረታቸው አጥንት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ የሚያገኙት ውኃና ለምለም ነገር በአቀባ ባሕረ ሰላጤ ራስ ላይ የነበረው ጨዋማ ረግረግ ነበር። ሆቴልና እርሻ፣ የጨው ማምረቻ ገንዳም አብዛኛውን ዋጡት። በ1990ዎቹ የወፍ ተመራማሪው ሩቨን ዮሴፍና ተባባሪዎቹ ያደረጉት ነገር ለእኔ ከቆጠራው ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የከተማይቱን የቀድሞ ቆሻሻ መጣያ አፈር አልብሰው፣ ጨው የሚችሉ ቁጥቋጦዎችን ተክለው፣ ውኃ አስገብተው የወፍ ማረፊያ አደረጉት። ዛሬ በጸደይ ማለዳ እዚያ የሚሄድ ሰው ወፎች በስስ መረብ ሲያዙ፣ ሲመዘኑ፣ በእግራቸው ቁጥር ያለበት ቀለበት ታስሮላቸው ሲለቀቁ ያያል። ልጆች ሲለቋት ወፊቱ በእጃቸው ላይ ያላት ክብደት ከደብዳቤ የማይበልጥ መሆኑ ይገርማቸዋል። ከድንበሩ ማዶ በዮርዳኖስ የአቀባ የወፍ መመልከቻ ደግሞ የተቋቋመው የከተማ ፍሳሽ በሚጣራባቸው ገንዳዎች ዳር ነው። ሁለት ጎረቤት ሀገሮች፣ ማረፊያውን የነጠቁትን ወፍ ሰው በጣለው ቆሻሻና ፍሳሽ ላይ እየካሱት ነው።

ማየትን ወደ ዕውቀት ለመቀየር ጥድፊያ እንደማያስፈልግ የሚያሳየው ከኤይላት ወደ ሰሜን በሐጼቫ የተሠራው ሥራ ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው አሞጽ ዘሃቪ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በመንጋ የሚኖሩ፣ ረጅም ጭራ ያላቸው ቡናማ የበረሃ ወፎችን ተከታተለ። ወፎቹ ሰውን ለምደው በእግሩ ሥር ፍርፋሪ ይለቅማሉ፤ እያንዳንዷ በባለቀለም ቀለበቶቿ ተለይታ ትታወቃለች። በጎ ፈቃደኞች ማን ለማን ምግብ እንደሰጠ፣ ማን ዘብ እንደቆመ፣ ማን ማንን ከዘብ ቦታው እንዳስነሣ ለዓመታት ጻፉ። ዘሃቪ በ1975 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ምልክት የሚታመነው ለሰጪው ውድ ሲሆን ነው የሚል ነበር፤ እነዚህ ወፎችም ከዋና ማስረጃዎቹ ሆኑ። ለቡድኑ ዘብ የሚቆም፣ ለሌላው የሚያጎርስ ወፍ ደግነቱን ብቻ ሳይሆን አቅሙንም እያሳየ ነው። ድግስ ደግሶ ለሀገር የሚያበላ ሰው ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ንድፈ ሐሳብ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

ይኸው ዘሃቪ ከአዛርያ አሎን ጋር በ1953 የእስራኤልን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። የማኅበሩ መነሻ በሰሜን የሁላ ረግረግ መድረቅ ያስከተለው ቁጣ ነበር። ማኅበሩ ከ2014 ጀምሮ በመጋቢት በኔጌቭ በረሃና በአረቫ የ24 ሰዓት የወፍ ምልከታ ውድድር ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ከተለያዩ ሀገሮች የሚመጡ ቡድኖች በአንድ ቀን የሚችሉትን ያህል ዝርያ ይመዘግባሉ፤ ቀድመውም ገንዘብ ያሰባስባሉ። ገንዘቡ ለአዘጋጁ ሀገር አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ያነጣጠረው በጆርጂያ የሚታደኑትን ጭልፊቶች በማዳን ላይ ነበር፤ ከዚያ ለቆጵሮስ፣ ለግሪክና ለቱርክ ዞረ። ሌላም የሚወደድ ደንብ አለው፤ ያየውን ለተፎካካሪዎቹ ያካፈለ ቡድን ይሸለማል። ወፉ በሄደበት መንገድ ሁሉ ደኅና ካልሆነ ኤይላት ላይ ማጠጣቱ ዋጋ እንደሌለው የገባቸው ሰዎች ያወጡት ደንብ ነው።

ማኅበረሰብ ማየቱ ብቻ ሁሉን አያድንም። በ2014 መጨረሻ በኤይላት ሰሜን የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ ወደ 5 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ድፍድፍ ዘይት በኤቭሮና ጥብቅ ሥፍራ ላይ ፈሰሰ። ኤቭሮና የሜዳ ፍየሎች፣ ዱም የተባለው ዘምባባና የግራር ዛፎች ያሉባት ናት። በ1975ም እዚያው አካባቢ ዘይት ፈስሶ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የተደረገ ጥናት በአሮጌው ፍሳሽ ላይ አዲስ ግራር እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ እንደበቀለ አሳይቷል። በረሃ ቂም ይይዛል። እንደ ዣንጥላ የተዘረጋው ያ ግራር በአፋርና በስምጥ ሸለቋችንም የሚበቅለው ዘር ነው፤ ወፉ ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው ላይ ያርፋል።

ወደ ሳሳው ገጽ ልምጣ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 የተመሠረተ አንጋፋ ድርጅት ነው፤ በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ዘርዝሮ አሳትሟል። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል የሚያልፉ 37 ተንሸራታች ወፎችን ለመጠበቅ በ11 ሀገሮች በተዘረጋው ፕሮጀክትም ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ነጩ የግብጽ ጥንብ አንሳ ከባልካን፣ ከቱርክና ከካውካሰስ መጥቶ በአፋር እንደሚከርም፣ ሌሊቱንም ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ እንደሚያሳልፍ ተመዝግቧል። ምሰሶ ደግሞ ይገድላል። በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ አጭር መስመር ይህን ወፍ ለአሥርት ዓመታት ሲፈጅ ኖሮ ከአገልግሎት የወጣው በ2014 ነው። መስመሩ የተዘጋው ሰዎች በእግራቸው ሄደው ከሥሩ ሬሳ ስለቆጠሩ ነው። በእኛ በኩል መስመር በፍጥነት እየተዘረጋ ነው፤ ከሥሩ ሄዶ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።

የምናጣው መነጽርና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ስምም ነው። በዚህ ጽሑፍ «ጭልፊት» ያልኩት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ፈላሾችን ነው፤ «ንስር» ብንል ብዙ ዝርያ፣ «ጥንብ አንሳ» ብንልም እንዲሁ። ኢዮብ ጭልፊት ወደ ደቡብ ክንፉን ስለመዘርጋቱ ተጠይቋል፤ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜዋን ማወቋን መስክሯል፤ ሁለቱንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ጭልፊቱ የትኛው እንደሆነ ግን በአማርኛ መለየት አልቻልንም። ስም የሌለውን ወፍ የመንደር ልጅ ደብተር ላይ እንዲጽፈው መጠየቅ አይቻልም። እረኛው፣ አዝመራ ጠባቂው፣ በአፋር ግመል የሚነዳው ሰው በየቋንቋቸው የሚለዩባቸው ስሞች ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አያትህን ወይም አያትሽን ጠይቁ። በጋ ሲወጣ በሰማይ እየዞረ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ወፍ ምን ይሉት እንደነበር፣ የት መንደርና በየትኛው ወር እንዳዩት ጻፉ፤ ወረቀቱንም አቅራቢያችሁ ላለ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ወይም የቋንቋ ክፍል አድርሱ።