እርም ሳይወጣ 13 ዓመት

በአገራችን ሰው ሲሞት የሚደረገው የታወቀ ነው። መርዶ ነጋሪ ጎሕ ሳይቀድ በር ያንኳኳል። ድንኳን ይተከላል፤ የእድሩ ወንበርና ድስት ይመጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ለቅሶ ደራሹ ሲገባና ሲወጣ ይሰነብታል። ሟቹ በሩቅ አገር የሞተ ሆኖ አስከሬኑ ባይመጣ እንኳ፣ መርዶው ከተሰማ ቤተ ሰቡ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። እርም ማውጣት የሞተውን መርሳት አይደለም። ይህ ሰው ነበረን፣ አሁን አጣነው ብሎ በሰው ፊት መመስከር ነው። ሐዘንተኛው ቀስ በቀስ ወደ ሥራውና ወደ ማዕዱ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሞተ ያልተባለ፣ አለም ያልተባለ ሰው ቤተ ሰብ ግን ምን ያድርግ? ድንኳን ቢተክል ተስፋ ቆረጠ ይባላል፤ ባይተክል ልቡ አያርፍም። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ይህ ዓይነቱ ሐዘን ዛሬም በመካከላችን አለ። በጦርነት ሄዶ የቀረ ወንድም፣ በበረሃና በባሕር ሲጓዝ ድምፁ የጠፋ ጓደኛ ያላቸው ወጣቶች በየኅብረቶቻችን ተቀምጠው አብረውን ይዘምራሉ። ስለ እነርሱ ብለን ከአገራችን ወንጌላውያን አማኞች ታሪክ አንድ ገጽ እንግለጥ።

መንጋውን ያልተወ እረኛ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1921 ዓ.ም በወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በነቀምት ሆስፒታል ሠርተዋል፤ ኋላም ወደ ወንጌል አገልግሎት ገብተው በቅስና ተሾሙ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኝ የሉተራን ሴሚናሪ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

በእርሳቸው የአገልግሎት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ አገር ላሉ ረጂዎቿ የላከችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ረጂዎቹ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለልማት ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ስርጭትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት እንደማይከፈል፣ የእግዚአብሔርም ፍቅር ሰውን በሙሉነቱ እንደሚመለከት ያስረዳል። ይህን አሳብ እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1966 ዓ.ም አብዮት ፈነዳ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ። በመጋቢት 1969 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በመንግሥት ተወረሰ። ቀይ ሽብር በበረታበት በዚያ ዘመን ብዙ ወላጆች የልጆቻቸውን አስከሬን መንገድ ዳር አገኙ፤ እንዳያለቅሱም ተከለከሉ። ድንኳን መትከልና ጥቁር መልበስ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ነበር። እርም ማውጣት ለብዙ የኢትዮጵያ እናት የተነፈገው ያኔ ነው።

ቄስ ጉዲናም ታስረው ተፈቱ። ወዳጆቻቸው ሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ስላወቁ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጁ፤ በዚህም የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ እጅ ነበረበት። እርሳቸው ግን በመከራው ሰዓት መንጋቸውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ። ምክንያታቸውን ሲናገሩ የጠቀሱት 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15ን ነው፦ ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ከእንግዲህ ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነውና።

ይህን ስናነብ የተሰደደ ሁሉ ፈሪ ነው ማለታችን አይደለም። ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ በእናቱ እቅፍ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ቄስ ጉዲና ግን የተጠሩበት ስፍራ ያ እንደ ነበረ አመኑ፤ ዋጋውንም እያወቁ ቆዩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ቄስ ጉዲና አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኡራኤል አካባቢ በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያው ምሽት ተለቀቁ። ቄስ ጉዲና ግን አልተመለሱም። ክስ አልቀረበም፤ ፍርድ አልተነበበም፤ መርዶም የነገረ የለም።

ከወራት በኋላ ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው ታሰሩ። በምርመራ ጊዜ ተዘቅዝቀው ተሰቅለው ተገረፉ። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ዐሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። ልጆቻቸው ያለ አባትም ያለ እናትም ቀሩ።

እስቲ በእርሳቸው ቦታ ሆነን እናስብ። ባል ሞቷል እንዳይሉ ያየ የለም። ይመጣል እንዳይሉ ዓመቱ ይቆጠራል። የገዛ ሰውነት ከግርፋቱ አላገገመም። «እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል ለቅሶ ደራሽ ግንቡን አልፎ አይገባም። በእንዲህ ያለ ሰዓት አንድ ሰው ቀርቦ «አማኝ አያለቅስም» ቢላቸው ምን ያህል በከበዳቸው!

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን ሐዘን ያውቀዋል። ያዕቆብ በደም የተነከረ ልብስ ብቻ አሳዩት እንጂ የዮሴፍን አስከሬን አላየም፤ ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ቢነሡም መጽናናትን እምቢ አለ (ዘፍ. 37፥35)። እግዚአብሔር ስለዚህ እንባው ያዕቆብን አልገሠጸውም። የሳኦል ቁባት ሪጽፋ የተገደሉ ልጆቿን አስከሬን ቀን ከወፍ፣ ሌሊት ከአውሬ እየጠበቀች በዐለት ላይ ማቅ አንጥፋ ተቀመጠች። ወሬው ንጉሥ ዳዊት ጆሮ ደረሰ፤ ዳዊትም የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከተገደሉት አጥንት ጋር አሰብስቦ በክብር አስቀበረ (2ኛ ሳሙ. 21፥10-14)። ንጉሡን ለፍትሕ ያነሣሣው የአንዲት ሐዘንተኛ እናት አለመነሣት ነበር።

በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ

ወይዘሮ ፀሐይ ከእስር የወጡት ደርግ ከመውደቁ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሲወጡም ስለ ባለቤታቸው የሚነግራቸው አላገኙም። ቁርጡ የታወቀው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም ነው። ቄስ ጉዲና በተያዙበት ሌሊት ተገድለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ የቀድሞ መኖሪያ ግቢ መቀበራቸው ተረጋገጠ። የግቢው ባለቤት ራስ አሥራተ ራሳቸው በኅዳር 1967 ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት አንዱ ነበሩ።

ከዚያው ግቢ የሌላ የሃይማኖት አባት አፅምም ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ አፅም። እርሳቸውም የተገደሉት በ1971 ዓ.ም ክረምት ነው። በቁማቸው በአንድ መቅደስ ያላገለገሉ ሁለት አባቶች በአንድ አፈር ሥር 13 ዓመት ተኙ። የሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ልጆች በአንድ ዘመን አፅም ሲያነሡ አለቀሱ። እኛ ወጣቶች በመካከላችን ስለ ሃይማኖት ልዩነት ስንነታረክ ይህን ግቢ ብናስታውሰው ይጠቅመናል።

ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም የቄስ ጉዲና የቀብር ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ። ከተያዙ 13 ዓመት ሊሞላ የቀረው አንድ ወር ገደማ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ እርማቸውን አወጡ።

እዚህ ላይ ወደዚያ ደብዳቤ እንመለስ። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ካልተከፈለ፣ ነፍሱ በጌታ ዘንድ ናት ብለን አጥንቱን በማናውቀው ጉድጓድ መተው አይሆንልንም። የትንሣኤ ተስፋችን የሥጋ ትንሣኤ ተስፋ ነው። ለዚህ ነው እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሲሞት፣ ሰማይ ተከፍቶ ጌታን እንዳየ ቢታወቅም፣ በመንፈሳዊነታቸው የተመሰገኑ ሰዎች አንሥተው የቀበሩትና ታላቅ ልቅሶ ያለቀሱለት (ሐዋ. 8፥2)። የመጀመሪያው ሰማዕት ያለ እንባ አልተቀበረም። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው ጥቂት ሲቀረው በመቃብሩ መንገድ ላይ አልቅሷል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን እንጂ ማዘንን አይደለም (1ኛ ተሰ. 4፥13)።

እኛስ?

ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው በ2007 ዓ.ም ዐረፉ። የደረሰባቸውን አልደበቁም፤ ተናገሩት፤ በመጽሐፍም ታተመ። ከእርሳቸውና ከባለቤታቸው ታሪክ ለወጣት ኅብረቶቻችን ሦስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ የሚያዝነውን ሰው ለማስቆም አንቸኩል። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የምንናገረው የሐዘንተኛው እንባ እኛን ስለሚያስጨንቀን ነው። የኢዮብ ወዳጆች ከተናገሩት ሁሉ የሚሻለው ዝም ብለው ከእርሱ ጋር መሬት ላይ የተቀመጡበት ሰባት ቀን ነበር (ኢዮ. 2፥13)።

ሁለተኛ፣ ድንኳን የማይተከልለትን ሐዘን እንወቅ። ወንድሟ የት እንደ ገባ የማታውቅ እህት በመካከላችን ካለች፣ ሠልስትና አርባ የሚባል ቀን የላትም፤ የሚጠይቃት ሰው ቀኑን አያውቀውም። እኛ ቀን እንቁረጥላት። በየወሩ አንድ ቀን ቤቷ ሄደን ቡና እንጠጣ። የወንድሟን ስም ጠርተን እንጸልይ። ስሙን መጥራት ያስከፋታል ብለን አንፍራ፤ ይልቅ የሚያስከፋት የሁላችን ዝምታ ነው።

ሦስተኛ፣ መጽናናት ቁርጡን ከማወቅ በፊትም ይመጣል። ወይዘሮ ፀሐይ 13 ዓመት ሙሉ ያላወቁትን መቃብር እግዚአብሔር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ያውቀው ነበር። ይህ ለምን ሆነ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄውን ወደ እርሱ ይዘን መሄድን ግን አይከለክለንም። መዝሙረ ዳዊትን ስናነብ ከሲሶ የማያንስ ክፍል የሚያነሣው ይህን የመሰለ ጩኸት እንደሆነ እናያለን። የኅብረታችሁ የመዝሙር ዝርዝር የደስታ ብቻ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የልቅሶ መዝሙር ጨምሩበትና አብራችሁ ጸልዩት።

እርማችሁን ያወጣችሁም፣ ገና ያላወጣችሁም፣ የመጽናናት ሁሉ አምላክ ያጽናናችሁ።