ማን ነህ? ምን ተፈቅዶልሃል? የሁለት ጥያቄዎች ታሪክ



ማንነትን ማረጋገጥና ፈቃድ መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በቀድሞው ቤተ መንግሥት የውጭውን በር ያለፈ ሁሉ እልፍኝ አይገባም ነበር፤ ለእልፍኙ ሌላ አስከልካይ ነበረው። በኮምፒውተር ዓለም ግን ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተጣብቀው ኖረዋል፤ አንድ ትልቅ ማሽን ተጠቃሚውን ያውቃል፣ እርሱው ይፈቅዳል።

ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1983 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረው የአቴና ፕሮጀክት ነው። ኮምፒውተሮቹ በየአዳራሹ ተበተኑ፤ ከፊታቸው የተቀመጠ ሁሉ ሊያዝዝባቸው ስለሚችል፣ «ተጠቃሚው እገሌ ነው» ቢሉ የሚታመኑ አልሆኑም። ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ተጠቃሚው አንድ ጊዜ በይለፍ ቃሉ ማንነቱን ያስረዳል፤ ቃሉ ራሱ ግን በኔትወርኩ ላይ አይጓዝም። ከዚያም ለሚፈልገው አገልግሎት፣ በዚያው አገልግሎት ምስጢራዊ ቁልፍ የተቆለፈ ቲኬት ይሰጠዋል። ቲኬቱ የባለቤቱን ስምና የአገልግሎት ዘመኑን ይናገራል፤ ስለ ፈቃድ ዝም ይላል። ሚለር፣ ኑማን፣ ሺለርና ሳልዘር በ1987 የጻፉት ሰነድ በርእሱ ማረጋገጥንም ፈቃድንም ይጠራል፤ ሆኖም ማን ምን ያድርግ የሚለው ውሳኔ ዝርዝሩን ለሚይዘው ለየአገልግሎቱ ተተወ። በእኔ ግምት ከምስጠራው ይልቅ የሚደነቀው ይህ ቁጥብነት ነው፤ የፋይሉን ባለመብት ከፋይሉ ጠባቂ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

በድረ ገጽ ዘመን ስሕተቱ በተገላቢጦሽ መጣ። በ2007 የወጣው ኦአውዝ ዓላማው ፈቃድን በውክልና ማስተላለፍ ነበር፤ የይለፍ ቃሌን ሳልሰጥ አንድ መተግበሪያ ሌላ ቦታ ያለኝን ፎቶ እንዲያይ ማድረግ። የሶፍትዌር ሠሪዎች ግን ቶክኑን እንደ መታወቂያ ተቀበሉት። እንግዲህ አስቡት፤ ለአንዱ መተግበሪያ የሰጠሁትን ቶክን ባለቤቱ ወስዶ ለሌላው ቢያቀርብ፣ ሁለተኛው እኔ ነኝ ብሎ ያስገባዋል። ቶክኑ እውነተኛ ነው፤ የተጭበረበረ ነገር የለበትም። በ2014 የጸደቀው ኦፕንአይዲ ኮኔክት ለማንነት የተለየ ቶክን አበጀ፤ ለየትኛው መተግበሪያ እንደ ተሰጠም በውስጡ ጻፈበት።

ነገሩ የቆየ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ያየሁትን ልጨምር። በአንድ ተቋም ክፍል የቀየረ ሠራተኛ ለወራት የቀድሞ ክፍሉን የተማሪዎች ውጤት ይከፍት ነበር። የጋራው መግቢያ ማንነቱን በትክክል መስክሯል፤ የውጤት መዝገቡ ግን ያንን ምስክርነት እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ያወቅነውም ሰውየው ራሱ ቢነግረን ነው።