ሳይወጣ የሚመለስ መልእክት

በጅቡቲ ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ የተቀመጠ ሰው በኮምፒዩተሩ ወደ አዲስ አበባ መልእክት ቢልክ፣ መልእክቱ ድንበር ይሻገራል። ወደ 127.0.0.1 ቢልክ ግን ከመሣሪያው ሳይወጣ ይመለሳል። መላሹ ሽቦ ሳይሆን፣ የኔትወርክ በር መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1983 በበርክሌይ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው 4.2 ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለው ዩኒክስ ይህን በር ይዞ ነበር። በ1986 የወጣው የኢንተርኔት ቁጥሮች መዝገብም በ127 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ለዚሁ ተግባር መደበ።

ጥቅሙ ምንድር ነው? ፕሮግራም የጻፈ ሰው ስሕተቱ ከራሱ ይሁን ከመስመሩ ይለይበታል። ስለዚህ መስመር ያልደረሰበት ትምህርት ቤትም አንድ ኮምፒዩተር ካለው፣ ላኪንና ተቀባይን በዚያው አገናኝቶ ኔትወርክን ማስተማር ይችላል።